ግማሽ ራስ ለአንድ ሚሊዮን እይታ

ዘፈን የሚወድ ሰው አውቃለሁ። ዘፋኝ የሚወድ ሰውም አውቃለሁ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ቢበዛ ጎረቤት እንቅልፍ ይነሳሉ። አሁን በየሰፈሩ የበቀለው ሦስተኛው ዓይነት ግን ዘፈኑንም ዘፋኟንም አልፎ፣ ከዘፈኑ ሥር የተጻፈችውን የእይታ ቁጥር የሚወድ ፍጡር ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር እግዜር አልፈጠረም። ፈጥሮ ከሆነም አድራሻውን ንገሩኝ፣ ነገ ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቁ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ «ስልክዎን አንዴ ብቻ» ያላችሁ እሱ ነው። ስልካችሁን ስትቀበሉት አንዲት ሴት አፏን ከፍታ ታገኛላችሁ። ዓይታችኋት ለማታውቋት ሰው ላይክ አድርጋችኋል፣ ደወል ተጭናችኋል፣ የቻናሏ ቤተሰብ ሆናችኋል። የገዛ እህቱን ሳይጠይቅ የከረመ ሰው ሁሉ ዛሬ በሱ የተነሳ የማያውቀው ሰው ቤተሰብ ነው።

የኛ ሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን እናቱ ካልመጣች በቀር የሚጠራው የለም። ሁላችንም «ሚሊዮን» ነው የምንለው። ከአፉ ሌላ ቃል ወጥቶ አያውቅማ። «ሚሊዮን እናስገባት»፣ «ሚሊዮን ሳንገባ እንቅልፍ የለም»፣ እንደምን አደርክ ስትለው «ሚሊዮን ልንደርስ ነው»። እኔ ደሞ የሰው ክብር መቀነስ ስለማልወድ ክቡር ሚሊዮን እላቸዋለሁ።

የኔ ሱቅና የሱ ፀጉር ቤት በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ሬዲዮና ስልክ እጠግናለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን በዚህ እጄ ያልተነሳ ሬዲዮ የለም። አንዴ ጉድጓድ የገባ ሬዲዮ አምጥተውልኝ፣ ውሃውን አፍስሼ በነጋታው ዜና አስነበብኩት። ባለቤቱ አልቅሷል። እንዲያውም ዜናው ላይ የነበረው ሰውዬ ድምፁ ከበፊቱ ተሻለ ያሉኝ አሉ። ይሄ እንግዲህ ሌላ ታሪክ ነው፤ ወደ ክቡርነታቸው ልመለስ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ደንበኛው ይቀመጣል። ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ይታሰራል፤ እጆቹ ከጨርቁ ሥር ይቀራሉ። ስልኩ መስተዋቱ ፊት ተቀምጧል። ክቡር ሚሊዮን ማሽናቸውን አንስተው ከቀኝ ጆሮ ጀምረው እስከ መሃል አናት ያርሳሉ። ልክ መሃል ላይ ሲደርሱ ማሽኑ ጸጥ ይላል።

አንድ ጠዋት ወንበሩ ላይ የነበረው የፍርድ ቤት ጸሐፊው ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

«ስልክዎን አንዴ ብቻ» አለው ሚሊዮን።

«ምን ልታደርገው?»

«የንግሥታችንን አዲሱን አላዩትም አይደል?»

«ችሎት አለብኝ። ጨርሰኝ።»

«ዘፈኑ ሲያልቅ እጨርስዎታለሁ። አብረን ነው የምንጨርሰው።»

ጸሐፊው መስተዋቱን አየ። በቀኝ በኩል ሜዳ፣ በግራ በኩል ጫካ። እንዲህ ሆኖ ችሎት ቢገባ ዳኛው ከተከሳሾቹ ጋር ነው የሚያስቆመው።

«እሺ ክፈተው፤ ግን አፍጥነው።»

«ማፍጠን አይቆጠርም። ማስታወቂያውንም እንዳያልፉት። ድምፁንም እንዳያጠፉት። ድምፅ አጥፍቶ ያየ ሰው ካላየ ሰው አይሻልም።»

«ማስታወቂያው ደሞ የምንድን ነው?»

«የሕፃናት ዳይፐር።»

«ልጆቼ'ኮ ዩኒቨርሲቲ ናቸው።»

«ግድ የለም፤ ይዩት፤ ለልጅ ልጅ ይሆናል።»

ጸሐፊው ዳይፐሩንም ንግሥቲቱንም እስከ መጨረሻው አየ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲፈረድበት የጻፈ ሰው፣ ያን ቀን በሱ ላይ ሲፈረድ መዝጋቢ እንኳ አልነበረውም።

ንግሥት ንግሥት የምትባለዋን እኔም አውቃታለሁ፤ በድምፅ ማለቴ ነው። በካሴት ዘመን የምር ትዘፍን ነበር። ካሴቷን ቴፑ የበላበት ሰው ሁሉ ወደኔ ነበር የሚሮጠው። በእስክሪብቶ አጠነጥናለሁ፣ የተቆረጠውን በፕላስተር እቀጥላለሁ፣ እሷም ምንም እንዳልሆነች ትቀጥላለች። ያኔ ዘፈን ስትሰማ ጎን ሀ ያልቃል፣ ተነስተህ ትገለብጣለህ። ተነስተህ ካልገለበጥክ አትወደውም ማለት ነው። በቃ፣ ፍቅር የሚለካው በመነሳት ነበር። ዛሬ የሚነሳም የሚገለብጥም የለም፤ ጣት ብቻ ነው።

አዲሱን ዘፈኗን ደሞ በግድግዳዬ በኩል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። ግጥሙ ሦስት ቃል ነው፤ ሁለቱ «ና» ናቸው። ያን የመሰለ ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ከተው አሽተው አሽተው፣ ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ አስመሰሏት። ከኋላ አንድ ነገር ዱብ ዱብ ይላል። ከበሮ ነው አሉኝ። እኔ በሬ የሚንኳኳ መስሎኝ ብዙ ቀን ተነስቼ ከፍቻለሁ።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ሩጫ ምን አመጣው? ንግሥቲቱ ስንት ዓመት ጠፍታ ከርማ አልበም ሠርታለች። አልቋል፣ ተቀድቷል፣ የሙዚቃ ኩባንያው ኮምፒውተር ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል። ኩባንያው ግን ፈራ። መጀመሪያ አንዷን ዘፈን ለቀቀና «እስከ ወሩ መጨረሻ ሚሊዮን እይታ ከገባች አልበሙ ይወጣል፤ ካልገባች ይቀመጣል» አለ። ድሮ ዘፋኝ የሚፈተነው መድረክ ላይ ነበር። ዛሬ እንደ ሎተሪ ናት፤ ቁጥሯ ከወጣ ወጣች።

ሚሊዮን ይሄን የሰማ ዕለት ማሽኑን እንደያዘ ሱቄ ገባ።

«ጋሼ፣ ሰሙ?»

«በግድግዳ በኩል የማልሰማው ምን አለ?»

«ይቺ ዘፈን በር ማንኳኳት ናት። ደህናዎቹ ከኋላ ናቸው፣ እዛ አልበሙ ውስጥ። እኔ'ኮ ከሰው ቤት ተቀጥሬ ፀጉር ስጠርግ ከነበርኩ ጀምሮ ነው የምጠብቃት። እነሱን ሳልሰማ…» አለና ተወው። መጨረስ የማይችለውን አረፍተ ነገር ሲጀምር ያን ቀን ነው ያየሁት።

«አንተ ባታይላት አትወጣም?»

«ሁሉም እንደርስዎ ካለ አትወጣም።»

የደጋፊዎቹ ቡድን ስልክ ላይ ነው ያለው፤ «የንግሥቲቱ ሠራዊት» ይባላል። አዛዥ አለው፣ ፊቱን ያየው ሰው የለም። ማዕረግ ይሰጣል፣ ማዕረግ ይገፍፋል፣ በየጠዋቱ «ዛሬ ዘመቻ ነው» ይላል። ክቡር ሚሊዮን እዛ ውስጥ የመቶ አለቃ ናቸው። እውነተኛ ወታደር ጎረቤት ነበረኝ፤ ነፍሱን ይማረውና፣ በኖረበት ዘመን ሁሉ ጡረታውን እንጂ ማዕረጉን አውርቶ አያውቅም። ክቡርነታቸው ግን ማዕረጋቸውን መስተዋቱ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው ለጥፈውታል።

ሚስቱ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋለች። መርፌዋም አፏም ስለታም ናቸው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ገፋ አድርጋ «አንተ የመቶ አለቃ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ» አለችው።

«ቆይ፣ ቁጥሯ እየተንቀሳቀሰች ነው።»

«ሌላ ሴት ብትወድ ተጣልቼ እመልስህ ነበር» አለችው። «ከቁጥር ጋር እንዴት ብዬ ልጣላ?»

የወሩ አጋማሽ ላይ ደንበኛ ብቻውን እንደማይበቃ ገባው። ያኔ ከየቤቱ የሞተ ስልክ መሰብሰብ ጀመረ። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ፣ ሕፃን የነከሰው፣ መኪና የሄደበት፣ ሁሉንም በፌስታል ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ነፍስ ይዝሩባቸው።»

አንዷን አነሳሁ። «ይቺ ስክሪኗ ድቅቅ ብሏል። ምኗን ታያለህ?»

«እኔ አላያትም። እሷ ናት የምታየው።»

እስቲ ፍረዱ። ስልኳ ታያለች። ቢሆንም ችሎታ ሲጠየቅ እምቢ ማለት አልችልበትም፤ የመጡትን ሁሉ አስነሳሁለት። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ግማሹን ይቀብራቸው ነበር። እሱም ከፎጣዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ደረደራቸውና ሁሉንም ከፀጉር ቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ ለቀቃቸው። ድምፅ ማጥፋት ክልክል ስለሆነ ለሹክሹክታ ያህል ቀነሰው። እኩል አልጀመሩ፣ እኩል አይጨርሱ። አንዷ «ና» ስትል ሌላዋ ትከተላታለች፣ ሦስተኛዋ ገና ማስታወቂያ ላይ ናት። ለሚሰማው፣ ግድግዳ ውስጥ የተቆለፉ ምራቶች አማታቸውን የሚያሙ ይመስላል።

እንግዲህ የዘንድሮ ሙዚቃ ይሄው ነው። ማሽን ይዘፍናል፣ ማሽን ይሰማል፣ ማሽን ይቆጥራል። የሰው ድርሻ ቻርጀር መሰካት ብቻ ነው። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይቅርብህ» ብዬዋለሁ፤ በዛን ሰዓት ግን ሶኬት ላይ ሶኬት እየቀጠለ ነበር። ለቁጥር እንጂ ለተረት ጆሮ አልነበረውም።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቁጥሯ ሚሊዮን አፋፍ ላይ ደረሰች። ሚሊዮን መላጨት አቁሞ ሥራው ማየት ብቻ ሆነ። ከዛ አንድ ጠዋት፣ ገና ሱቄን ሳልከፍት በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?»

«ዕድሜ ቢሆን ደስ ባለኝ። ምን ሆነህ ነው?»

ስልኩን ሰጠኝ። ለሚሊዮን ትንሽ የቀረው ቁጥር ወርዶ ወርዶ ከግማሽ በታች ሆኗል። ከሥሩ ደሞ አዛዡ የላከው የድምፅ መልእክት አለ። ተጫንኩት።

«ጓዶች» ይላል ድምፁ፣ «አንድ ሰው በአንድ ዋይፋይ ላይ ስልክ ደርድሮ ሲያጫውት የቪዲዮው ድርጅት ደረሰበት። የውሸት እይታ ብሎ ሰረዘው። መጥረጊያው ደሞ መርጦ አይጠርግም፤ የናንተንም የእውነቱን አብሮ ወሰደው። ንግሥታችንን የጎዳት ጠላት አይደለም፤ የገዛ ሰው ነው።»

«ሴራ ነው» አለ ሚሊዮን። «የተፎካካሪዋ ዘፋኝ ደጋፊዎች ናቸው።»

ሚስቱ ከኋላው መጥታ ኖሯል። ከንፈሯ መሃል የያዘችውን መርፌ አወጣች። «ስልክ የደረደረው ማነው?»

«ብዙ ሰው ይደረድራል።»

«ከፎጣ በላይ?»

ያ አፉ የማይዘጋው ሰውዬ፣ ፊቱ እንደታጠበ ፎጣ ነጣ። እሷም ልትቀጥል አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን ስታየው ግን ተወችው። መርፌዋን መልሳ ያዘችና ገባች።

ያን ቀን ስልኮቹን ነቃቅሎ ፌስታል ውስጥ ከተተ። ከዛ በሕይወቱ ሠርቶት የማያውቀውን ሥራ ጀመረ፤ ሰው ፍለጋ። የእውነት ሰው፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ዳታው፣ በገዛ ጆሮው የሚሰማ። ከበር በር ዞረ። ሰው ግን ከሩቅ ሲያየው ራሱን በእጁ ይሸፍናል። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ልጇን ይዛ ስትመጣ ሁለቴ አግቷቸዋል፤ እሷ ጋ ስንደርስ እኔም አብሬው ነበርኩ፣ ለራስ ምታት ኪኒን ልገዛ። የራስ ምታቴ ምንጭ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

«አይቼዋለሁ'ኮ» አለችው፣ «የልጄ ራስ ግማሹ ቀርቶ።»

«ወደዱት?» አላት።

ሴትዮዋ ኪኒኑን እንደያዘች ቀረች። «ምኑን?»

«ዘፈኑን።»

«እንዴ» አለች፣ «እሱን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

እሱም ይሄን ጥያቄ ማንንም ጠይቆ እንደማያውቅ ትዝ ሲለው ፊቱ ላይ አየሁት። ይሄን ሁሉ ራስ ሲላጭ፣ ይሄን ሁሉ ስልክ ሲቀማ፣ አንድ ሰው እንኳ «ደስ አለህ ወይ» አልተባለም።

ደንበኞቹ ደሞ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ወደ ተከፈተው ፀጉር ቤት ሄዱ። እዛ ያለው ሰውዬ ዋይፋይም የለው፣ ወሬም የለው፤ ሙሉ ራስ ላጭቶ ይሸኛል። ሰው በዚህ ዘመን ራሱ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን እንደ ትልቅ ነገር ቆጠረው።

ወሩ አለቀ። አልሞላም፤ አጠገቡም አልደረሰም። ኩባንያው «አልበሙ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል» ብሎ ጻፈ። ላልተወሰነ ጊዜ የሚባለውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ ሬዲዮውን ትቶብኝ ሲሄድ «እመለሳለሁ» የሚላት ናት። ንግሥቲቱም «ስለ ፍቅራችሁ አመሰግናለሁ» ብላ አንዲት ቀይ ልብ ለጠፈች። አዛዡ የሚሊዮንን ማዕረግ ገፈፈው፤ በማግስቱ ደሞ ሠራዊቱን በትኖ ለሌላ ንግሥት ሌላ ሠራዊት አቋቋመ። ወታደሮቹም ስም ቀይረው ገቡ። የዘንድሮ ፍቅር ከጎን ሀ ወደ ጎን ለ የሚዞረው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይነሳ።

ከዛ ወዲያ ግድግዳው ዝም አለ።

ዝምታ ፈልጌ የከረምኩ ሰው ነኝ። የመፍቻዬ እጀታ ያንን ግድግዳ ሲደበድብ ተልጧል። ሲገኝ ግን እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። አንዲት ቀላል ሬዲዮ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የማስነሳት፣ ሁለት ቀን ፈጀችብኝ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መፍቻዬን አስቀምጬ ወደ ፀጉር ቤቱ ገባሁና መላጫው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ ወረፋ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወለል ያያል። ወለሉ ላይ አንዲት ፀጉር የለም።

ተነሳ። ነጩን ጨርቅ አንገቴ ላይ አሰረ። ማሽኑን አነሳና ቆመ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ምኑን ልላጭ?»

እውነቱን ነው። እኔ አናቴ ላይ ፀጉር ካየሁ ዘመን የለውም። በዚህ በኩል እንደኔ የተሟላ በራ በሰፈራችን የለም።

«ሥራ የምትመርጠው ወረፋ በዝቶብህ ነው? ዙሪያውን ፈልግ፣ አይጠፋም።»

ከጆሮዬ ጀርባ ፈለገ። አንድ ሁለት ሳያገኝ አልቀረም፤ ማሽኑ ትንሽ ጮኸ። ስልኬን ግን አልጠየቀኝም። ጠበቅኩት፤ አልጠየቀኝም። እጄን ከጨርቁ ሥር አወጣሁና ስልኬን ሰጠሁት።

«እንካ። ክፈታት።»

«አልቋል'ኮ ጋሼ። ከእንግዲህ ቢያዩትም አይጠቅማትም።»

«ቁጥር አምጣልኝ አልኩህ? ዘፈን ነው ያልኩህ።»

ከፈታት። መጀመሪያ ማስታወቂያ መጣ፤ ማናችንም አላለፍነውም። ዘፈኑ ሲጀምር ዓይኑ ወደ ቁጥሯ ሄደ።

«ገልብጣት» አልኩት።

ስልኳን ፎጣ ላይ በፊቷ ደፋት። ማሽኑን አጠፋ። ዱብ ዱቡ መጣ፣ «ና» መጣች፣ ሁለተኛዋም ተከተለች። ክቡር ሚሊዮን እንደዛ ቆመው ሳያቸው ነገሩ ገባኝ። ይሄን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማታቸው ነው። ያን ሁሉ ቀን ሲያስቆጥሩ ነበር እንጂ ሲሰሙ አልነበረም። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አለቀ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ዘፈን… ደህና አይደለም አይደል?»

ወገኖቼ፣ ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ወሩን ሙሉ የከረምኩት። መልሴን ግድግዳ ጀርባ ሆኜ አሰናድቼዋለሁ፤ ስለ ንቧ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ግጥሙ፣ ስለሚንኳኳው በሬ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ አግኝቼ አፌን የያዝኩበት ቀን የለም። ሐኪም የሰጠኝን መድኃኒት ከሐኪሙ ጋር ተከራክሬ አስቀይሬአለሁ። አፌን ከፈትኩ። መስተዋቱ ውስጥ አየሁት፤ ማሽኑን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ይጠብቀኛል።

«መሃሉ ላይ አንድ ቦታ አለች» አልኩት።

«የቷ ናት?»

የቷ እንደሆነች እኔም አላውቅም።

«ከመጀመሪያው ክፈታትና» አልኩት፣ «ስትደርስ አሳይሃለሁ።»